የተበታተነ የ40 ሰው የጥናት ቡድን ከየትኛው የድር መሣሪያ ይጀምር?

ጥያቄ፦ «በፈቃደኝነት የተሰባሰብን 40 ሰዎች ስታቲስቲክስን ከመሠረቱ አብረን እያጠናን ነው። ሁላችንም ሥራ አለን፤ የምንኖረውም በተለያየ ከተማ ነው። የምንገናኘው በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ፋይል ይጠፋብናል፣ ቀጠሮ ይምታታብናል፣ የሚጽፉትም ሁልጊዜ እነዚያው አምስት ሰዎች ናቸው። ግማሾቻችን ‹ሌሎች የድር መሣሪያዎች እንጨምር› እንላለን፤ የቀሩት ‹ጫጫታ መጨመር ነው› ይላሉ። እውነት ሰው እየጻፈና እየነካካ የሚሠራባቸው መሣሪያዎች ለመደራጀት፣ ለመቀራረብና ለመማር ይረዳሉ? ከረዱስ ከየትኛው እንጀምር? ያለንን ግሩፕስ እንዝጋው?»

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። የጠየቁት ነገር የዕለት ሥራዬ ነው። ለጥናት ቡድኖችና ለበጎ ፈቃድ ማኅበራት እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን አዘጋጃለሁ፣ አለማምዳለሁ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ተመልሼ የትኛው እንደሠራ፣ የትኛው እንደተረሳ አያለሁ። ስለዚህ ዋናውን መልስ ላስቀድም። አዎ፣ ይረዳሉ። ግን ሁለት ነገር ሲያሟሉ ነው፤ አንደኛ ሰው እጁን ሲያሳርፍባቸው እዚያው የሚታይ ነገር ሲመልሱለት፣ ሁለተኛ የሠራው ሥራ ለሚቀጥለው ሰው መነሻ ሆኖ ሲቆይ። የእናንተ ግሩፕ የመጀመሪያውን ያሟላል፤ ይጽፋሉ፣ ይመለስልዎታል። ሁለተኛው ግን የለውም። ዛሬ አንድ አባል አምጦ የጻፈው ማብራሪያ ነገ ከ200 መልእክት ሥር ይቀበራል፤ በሳምንቱ ያንኑ ጥያቄ ሌላ ሰው ይጠይቃል፣ ያው ሰው እንደገና ያስረዳል፣ በሦስተኛው ይደክመዋል። እናንተን የቸገራችሁ የተሠራው ነገር የሚቀመጥበት ቦታ ማጣት ነው።

ድር ሲፈጠር ጀምሮ ሰው የሚጽፍበት እንዲሆን ታስቦ እንደነበር ብዙዎች አያውቁም፤ ስለዚህ ባጭሩ ልንገርዎ። (ዓመታቱን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ቲም በርነርስ ሊ በ1990 በሰርን የምርምር ማዕከል የሠራው የመጀመሪያው ብሮውዘር ገጽ ማንበቢያ ብቻ አልነበረም፤ ገጽ ለመጻፍና ለማረምም ያገለግል ነበር። የሚሠራው ግን ኔክስት በሚባል ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነበር። በኋላ በየሰዉ ኮምፒውተር የተሰራጩት ብሮውዘሮች ማንበቢያውን ይዘው ማረሚያውን ተዉት፤ ድርም ለዓመታት እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሆኖ ቆየ። ከዚያም በፊት፣ በ1968፣ ዳግላስ ኤንግልባርት ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በተሞላ አዳራሽ ፊት ሌላ ከተማ ከተቀመጠ ባልደረባው ጋር በአንድ ስክሪን ላይ አንድ ሰነድ አብረው ሲያዩና ሲሠሩ አሳይቷል። ሐሳቡ እንግዲህ ከብዙዎቻችን ዕድሜ ይበልጣል። በ1995 ዋርድ ከኒንግሃም ማንም ገብቶ የሚያርመው የመጀመሪያውን ዊኪ ሲከፍት (ቃሉ በሃዋይኛ «ፈጣን» ማለት ነው) ያደረገው ነገር ቢኖር የተተወችውን ግማሽ መመለስ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ጉዳይ። መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ አንድ የጋራ ሰነድ ነው። ጎግል ዶክስ ይሁን፣ ኢተርፓድ ይሁን፣ ሌላም ቢሆን ግድ የለም፤ ሁሉም በአንድ ሊንክ የሚገባበትና በአንድ ጊዜ የሚጽፍበት ይሁን። ተራ ነገር ይመስላል። ሆኖም ሰዎች የማያምኑት ውስጡ ምን እንደሚሆን ስለማያውቁ ነውና ትንሽ ልቆይበት።

ሰነዱ ላይ «ሰኞ እንገናኝ» የሚል መስመር አለ እንበል። አንዷ አባል መነሻው ላይ «የፊታችን» ብላ አንድ ክፍት ቦታ ትጨምራለች። በዚያችው ቅጽበት፣ የእሷ ለውጥ ገና ሳይደርሰው፣ ሌላው አባል «ሰኞ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ «ማታ» ብሎ እሱም አንድ ክፍት ቦታ ያስገባል። የእሱ ስልክ ለሰርቨሩ (ሰነዱን ለሚይዘው ማእከላዊ ኮምፒውተር) የሚልከው ትእዛዝ «ከሦስተኛው ቦታ በኋላ ‹ማታ› አስገባ» የሚል ነው፤ በእሱ ስክሪን ላይ «ሰ» አንደኛ፣ «ኞ» ሁለተኛ፣ ክፍት ቦታው ሦስተኛ ነውና። ሰርቨሩ ላይ ግን መስመሩ አስቀድሞ «የፊታችን ሰኞ እንገናኝ» ሆኗል። ትእዛዙ እንዳለ ቢፈጸም «የፊታማታ ችን ሰኞ እንገናኝ» የሚል ዝብርቅርቅ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ይቆጥራል። ከፊት አምስት ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ፣ በጠቅላላው ስድስት ተጨምሯል፤ እንግዲያው የእሱ ሦስተኛ አሁን ዘጠነኛ ሆኗል። «ማታ» ከዘጠነኛው በኋላ ይገባና ሁለቱም «የፊታችን ሰኞ ማታ እንገናኝ» የሚለውን ያያሉ። ማንም የማንንም ጽሑፍ አላጠፋም።

ይህን መንገድ በ1989 ባወጡት ጽሑፍ ያሳዩት ክላረንስ ኤሊስና ሳይመን ጊብስ ናቸው። ኤሊስ በአሜሪካ በኮምፒውተር ሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ዓመቱ 1969 ነበር። እነዚህን ሰነዶች በከፈትኩ ቁጥር እሱን አስባለሁ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በየቀኑ ሥራውን ይጠቀምበታል፣ ስሙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ይህን ሁሉ የነገርኩዎ ያለ ምክንያት አይደለም። አባላትዎ የማይጽፉት ስለሰነፉ አይመስለኝም። ባየሁት ሁሉ ትልቁ ምክንያት ፍርሃት ነው፤ «ብነካው አበላሸዋለሁ» የሚል ፍርሃት። መድኃኒቱን ልንገርዎ። በመጀመሪያው የኦንላይን ስብሰባችሁ ስክሪንዎን ለሁሉም ያጋሩ፤ ሰነዱን ሁሉም እያየ ከላይ እስከ ታች መርጠው ያጥፉት። ባዶው ገጽ ለጥቂት ሰከንድ ይታይ። ከዚያ የለውጥ ታሪኩን ከፍተው ከአንድ ደቂቃ በፊት የነበረውን ይመልሱት። ይህን ካየ በኋላ ሰዉ እጁ ይፈታል። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ይህን ካዩ በኋላ «እንግዲህ የማይድን ስሕተት የለም ማለት ነዋ» ብለው በዚያው ሳምንት የቡድኑን የንባብ ዝርዝር በሙሉ ብቻቸውን አቃኑት።

ሰነዱ ላይ ምን ይቀመጥ? ከላይ የሚቀጥለው ስብሰባ ቀንና ሰዓት፣ የመግቢያውም ሊንክ። ቀጥሎ በየሳምንቱ ማን የትኛውን ርእስ እንደሚያቀርብ የሚያሳይ ሰንጠረዥ፤ ስሙን የሚያስገባው ግን አቅራቢው ራሱ ይሁን እንጂ እርስዎ አይመድቡት። ከዚያ ፋይሎቹ ያሉበት ቦታ። ከሥር «ያልገቡን ነገሮች» የሚል ክፍል፤ እዚያ ማንም ጥያቄውን ይጥላል፣ ማንም መልስ ይጀምራል፣ ሌላው ያስተካክለዋል። ከሁሉም ይህን የመጨረሻውን እወደዋለሁ፤ ከሦስት ወር በኋላ የቡድኑ የራሱ መማሪያ መጽሐፍ ይሆናልና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ ያልበሰለ ጽሑፍ አይከልከሉ። ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር ከዊኪፒዲያ በፊት በ2000 ኑፒዲያ የሚባል ኢንሳይክሎፒዲያ ጀምረው ነበር። እያንዳንዱ ጽሑፍ በባለሙያዎች እየታየ ሰባት ደረጃ ማለፍ ነበረበት። በ2003 እስኪዘጋ ድረስ ሁሉንም ደረጃ አልፈው የወጡት ከ30 ያነሱ ናቸው። ዊኪፒዲያ ደግሞ በጃንዋሪ 15 ቀን 2001 ሲከፈት ማንም ሰው ግማሽ ዐረፍተ ነገርም ቢሆን ጽፎ መሄድ ይችል ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ከ15 ሺህ በላይ ጽሑፍ ተከማቸ። ብዙዎቹ ደካማ ነበሩ። ግን ደካማ ጽሑፍ ሲያዩ እጅን የሚያሳክክ ነገር አለ፤ ሰው ባዶ ገጽ ላይ መጻፍ ይከብደዋል፣ የሌላውን ስሕተት ማረም ግን ይቀለዋል። እርስዎም «ያልገቡን ነገሮች» ላይ አንድ ያላለቀ መልስ ሆን ብለው ቢተዉ የሚጨርሰው ሰው ይመጣል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገርዎ፤ «ጫጫታ መጨመር ነው» የሚሉት አባሎችዎ ትክክል የሚሆኑበት ቦታ አለና። ከዓመታት በፊት ከእናንተ ጋር የሚመሳሰል ቡድን ሲጠራኝ ሰባት መሣሪያ አዘጋጀሁላቸው። የሥራ መከፋፈያ ሰሌዳ፣ የጋራ ካላንደር፣ የፋይል ማከማቻ፣ ዊኪ፣ የድምፅ መስጫ፣ የቪዲዮ መሰብሰቢያ፣ የመለማመጃ ጥያቄዎች። እያንዳንዱ የራሱ አካውንትና የራሱ የይለፍ ቃል ነበረው፤ እያንዳንዱም ማሳወቂያ ይልካል። በሁለተኛው ወር ስመለስ ስድስቱ ፀጥ ብለዋል። በሕይወት የነበረው «ማን መቼ ያቀርባል» የሚለው ሰንጠረዥ ብቻ ነበር። ምክንያቱን ስጠይቅ የቡድኑ አስተባባሪ የመለሱልኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፤ «ሌላውን ለመክፈት ማስታወስ አለብኝ፣ ይህቺን ለመክፈት ግን ምክንያት አለኝ።» ያ ቡድን ጥሩ ጉልበቱን ያባከነው በእኔ ጉጉት ነው። ከዚያ ወዲህ ለማንም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከአንድ መሣሪያ በላይ አላስገባም፤ ሁለተኛው የሚገባው የመጀመሪያው ያለ እኔ መሥራት ሲጀምር ነው።

ሁልጊዜ የሚጽፉት አምስት ሰዎች ብቻ መሆናቸው አያስደንግጥዎ። የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን በ2006 እንደጻፈው በኦንላይን ማኅበረሰብ ውስጥ በጥቅሉ ከመቶ 90ው ያነባል፣ 9ኙ አልፎ አልፎ ያዋጣል፣ አብዛኛውን የሚሠራው 1ዱ ነው። ከ40 ሰው አምስት መጻፉ ከዚህ ሲተያይ መልካም ነው። የሚያነበውንም «ዝምተኛ» ብለው አይውቀሱት፤ አንብቦ መማርም መማር ነው። ማድረግ የሚችሉት ለመሳተፍ የሚያስፈልገውን ጉልበት ማሳነስ ነው። ጋላክሲ ዙ የሚባለው የሥነ ፈለክ ፕሮጀክት በ2007 ሲጀመር ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ የጋላክሲ ፎቶዎች ነበሩት፤ ከተራው ሰው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ጋላክሲ ክብ ነው ወይስ ጠመዝማዛ? አንድ ጠቅታ። በመጀመሪያው ዓመት ከ50 ሚሊዮን በላይ መልስ ተሰበሰበ። ሃኒ ፋን አርከል የተባለች የኔዘርላንድ መምህርት ደግሞ ፎቶዎቹን ስታይ ማንም ያላስተዋለው እንግዳ ነገር አገኘች፤ ዛሬ በስሟ ይጠራል። ማንም «እባክሽ ጥናታዊ ጽሑፍ አቅርቢ» ቢላት ኖሮ የምትጀምረው አይመስለኝም። በአንድ ጠቅታ ገባች፣ ከዚያ ዓይኗ ተከፈተ።

በእናንተ ቤት ይህ ምን ይመስላል? ቴሌግራም ራሱ ትክክለኛውን መልስ የሚያሳይ የጥያቄ ምርጫ አለው። በየማለዳው አንድ ጥያቄ ግሩፑ ላይ ይጣል። መልስ ሰጪው ስም እንዳይታይ አድርገው ያዘጋጁት፤ የማይጽፈው ሰው ይነካዋል፣ ልክ መሆን አለመሆኑን ያያል፣ ስንት ሰው እንደተሳሳተም ያያል። «ለካ የተሳሳትኩት እኔ ብቻ አይደለሁም» የሚለው ስሜት በርቀት ለሚማር ሰው ምን ያህል ብርታት እንደሆነ ተምሬ አልጠገብኩም። እርስዎም ከ40ው 25ቱ የተሳሳቱበትን ሲያዩ የሚቀጥለው ስብሰባ ርእስ ራሱ መጣልዎ ማለት ነው።

ስለ መቀራረብ ብዙ አልልም፤ መሣሪያ ሰውን ያገናኛል እንጂ አያዋድድም። ግን ሁለት ነገር ልጠቁም። የመጀመሪያው፣ ሰው የሚቀራረበው አብሮ የሠራው ነገር ሲኖር ነው። በጃንዋሪ 2010 የሄይቲ ርእሰ መዲና ፖርቶፕሪንስ በርዕደ መሬት ስትመታ ለእርዳታ ሠራተኞች የሚሆን ዝርዝር ካርታ አልነበረም ማለት ይቻላል። በዓለም ዙሪያ ያሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ኦፕንስትሪትማፕ የሚባለውን ማንም የሚያርመው የድር ካርታ ከፍተው የሳተላይት ፎቶው ላይ መንገዱን በነጥብ በነጥብ ተከተሉ፤ የቤቱን ጥግ አራት ጊዜ ይጫኑ፣ ቤት ነው ይበሉ፣ ያስቀምጡ፣ ለሁሉም ይታያል። በጥቂት ቀናት ውስጥ የነፍስ አድን ሠራተኞች መንገዱን የሚያገኙት በዚያ ካርታ ሆነ። አንዱ ሌላውን በአካል አይቶት አያውቅም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎም፣ በ2008፣ በኬንያ ከምርጫው በኋላ ሁከት ሲነሳ ሰዎች ያዩትን በስልክ መልእክትና በድር እየላኩ በካርታ ላይ የሚያስቀምጡበት ኡሻሂዲ ተሠርቶ ነበር፤ ስሙ በስዋሂሊ «ምስክርነት» ማለት ነው። ሁለተኛው ነገር፣ አምስቱ ጸሐፊዎችዎ እርስ በርስ ይበልጥ እየተዋወቁ ሌላው ዳር ላይ እንዳይቀር ነው። ሶሲዮሎጂስቱ ማርክ ግራኖቬተር በ1973 እንዳሳየው ለሰው አዲስ ወሬና ዕድል የሚያመጣለት ብዙ ጊዜ የቅርብ ወዳጁ ሳይሆን በሩቁ የሚያውቀው ሰው ነው፤ የቅርብ ወዳጅ የሚያውቀውን እርስዎም ያውቁታልና። ስለዚህ 40ውን በአምስት አምስት ይክፈሏቸው፤ በየወሩ ግን ያቀላቅሏቸው። ሰነዱ ላይ ከየስሙ ጎን «በዚህ ልረዳ እችላለሁ» የሚል አንድ ዐምድ ይኑር። አንዱ ኤክሴል ያውቃል፣ አንዷ ሥራዋ የጤና መረጃ መተንተን ነው፤ ሳይጻፍ ማን ያውቅላችኋል?

ከዚህ በኋላ ያለው ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የሚነካው ነው፤ መማሩ።

የተቀረጸ ትምህርት አስቀምጦ «እዩት» ማለት እንደማይበቃ ታይቷል። በ2011 የስታንፎርድ መምህራን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ትምህርት በነጻ ሲከፍቱ ወደ 160 ሺህ ሰው ተመዘገበ፤ የጨረሰው ከ25 ሺህ በታች ነው። በራሱ ትልቅ ቁጥር ነው፣ አልንቀውም። ግን አብዛኛው ሰው ብቻውን ከስክሪን ጋር ሲቀር ይደክመዋል። እናንተ ያ ሰው ያጣው ነገር አላችሁ፤ «ዛሬ የት ቀረህ?» የሚል 39 ሰው።

መሣሪያ ለመማር የሚረዳው ከአእምሮ እንዲያወጡ ሲያስገድድዎ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 ያወጡትን ሙከራ ይመልከቱ። አንዱ የተማሪዎች ቡድን አንድን ጽሑፍ ደጋግሞ በአራት ዙር አነበበው። ሌላው አንድ ዙር አንብቦ በቀሩት ሦስት ዙሮች ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ያነበቡት በለጡ፤ 83 ከመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ ያነበቡት 40 ከመቶ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 ከመቶ አስታወሱ። ሰው ማንበብን የሚመርጠው በዚያች አምስት ደቂቃ ስለሚታለል ነው፤ ገጹ ዓይኑ ላይ እያለ ያወቀ ይመስለዋል። ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ራሱን እየፈተነ የመርሳትን ፍጥነት ከለካ ወዲህ ደግሞ መድገሚያውን ቀን በቀን ማራራቅ እንደሚበጅ ታውቋል። አንኪ የሚባለው ነጻ የካርድ መለማመጃ ሥራው ይኸው ነው፤ ካርዱን ያውቁት እንደሆነ ከቀናት በኋላ፣ ከዚያ ከሳምንታት በኋላ ያመጣልዎታል፤ ካላወቁት እዚያው ቀን ይመልሰዋል።

የናንተን ትምህርት ወስጄ ላሳይዎ። «አማካይ ምንድን ነው?» የሚል ካርድ አታዘጋጁ፤ ትርጉም መሸምደድ ብቻ ነው። ይልቅ ካርዱ ፊት ላይ አምስት ቁጥር ይቀመጥ፤ 2፣ 3፣ 3፣ 4፣ 38። «አማካዩ ስንት ነው? ሚዲያኑስ?» ጀርባው ላይ፤ ድምሩ 50፣ ለ5 ሲካፈል አማካዩ 10፤ በተርታ ሲቀመጡ መሀል ላይ ያለው 3፣ ሚዲያኑ 3። ልብ ይበሉ፣ ከአምስቱ ቁጥሮች አራቱ ከአማካዩ በእጅጉ ያንሳሉ። ይህ ብቻውን የአንድ ሰዓት ውይይት ነው።

ካርዱ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ቀጥሎ የሚነካ ነገር ያስፈልጋል። ጂኦጀብራን ይክፈቱ። በ2001 ማርኩስ ሆሄንዋርተር በሳልዝበርግ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ሥራው አድርጎ የጀመረው ነጻ መሣሪያ ነው። አምስቱን ቁጥሮች መስመር ላይ በነጥብ ያስቀምጡ፣ አማካዩንና ሚዲያኑን አስልቶ እንዲያሳይ ያድርጉ። አሁን 38 ላይ ያለውን ነጥብ ከመጎተትዎ በፊት ሁሉም ግምቱን ሰነዱ ላይ ይጻፍ፤ ነጥቡን ወደ 88 ብወስደው አማካዩ ስንት ይሆናል? ሚዲያኑስ? ከዚያ ይጎትቱት። አማካዩ ከነጥቡ ጋር እየተንሸራተተ 20 ላይ ይደርሳል። ሚዲያኑ 3 ላይ እንደቆመ ነው፤ ንቅንቅ አይልም። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው፣ በተለይም አስቀድሞ ተሳስቶ የገመተ ሰው፣ የጥቂቶች ትልቅ ገቢ የብዙኃኑን አማካይ እንዴት እንደሚያሳብጥ ማስረዳት አያስፈልገውም። ግምቱ ካልቀደመ ግን መጎተቱ ጨዋታ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በፊዚክስ ኖቤል የተሸለመው ካርል ዋይመን በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ፌት የሚባለው የሳይንስና የሒሳብ ማሳያ ስብስብም በነጻ ይገኛል፤ እሱንም ስትጠቀሙ ግምቱ ይቅደም።

ካርዶቹን ማን ያዘጋጅ? አባላቱ ራሳቸው። በየሳምንቱ አቅራቢው አምስት ካርድ ጽፎ ሰነዱ ላይ ያስቀምጥ፣ ሌሎች ያርሙ፣ አንድ ሰው ወደ አንኪ ያስገባ። ጥሩ ጥያቄ ለማውጣት ነገሩን መረዳት ግድ ስለሆነ ከሁሉ ይበልጥ የሚማረው አውጪው ነው።

ጥቂት ጥንቃቄ። «ሊንኩ ያለው ሁሉ ማረም ይችላል» የሚለው ምርጫ ለጀማሪ ቡድን ይመቻል፤ ነገር ግን የአባላት ስልክ ቁጥርና አድራሻ በዚያ ሰነድ ላይ በፍጹም አይጻፍ። መሣሪያ ደግሞ ይሞታል። አብሮ መጻፊያና መነጋገሪያ የነበረው ጎግል ዌቭ በ2009 በትልቅ ጭብጨባ ቀርቦ በዓመቱ በ2010 ማሻሻሉ ቆመ፣ በ2012 ተዘጋ፤ እዚያ ላይ ሥራቸውን የገነቡ ሰዎች ጓዛቸውን ሸክፈው ወጡ። በየወሩ መጨረሻ ሰነዱን አውርዳችሁ በሁለት ሰው ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡ። የመረጣችሁትን ሁሉ ደግሞ አስቀድማችሁ በጣም ደካማ ስልክና በጣም ቀርፋፋ ኢንተርኔት ባለው አባል እጅ ሞክሩት። ሰው ምላሹን ከ1 ሰከንድ በላይ ሲጠብቅ የሐሳቡ ክር መላላት ይጀምራል፣ ከ10 ሰከንድ በላይ ሲሆን ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል፤ ይህ በዘርፉ የታወቀ መለኪያ ነው። የእርስዎ ስልክ ላይ መፍጠኑ ለዚያ አባል ምንም አይፈይድለትም። ኔትወርክ ለሚያጣ ሰው አንኪ ካርዶቹ አንዴ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ዊኪፒዲያንም ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም አውርዶ ያለ ኔትወርክ ማንበብ ይቻላል።

ስለ ግሩፑ፤ አትዝጉት። ሰዉ የለመደው በር እሱ ነው፣ ሰላምታውም ጭውውቱም እዚያ ይቀጥል። የሰነዱን ሊንክ ብቻ አናቱ ላይ ይሰኩት፤ አንድ ደንብም ይኑራችሁ፤ ግሩፑ ላይ የተወሰነ ነገር ሰነዱ ላይ እስኪጻፍ ድረስ እንደተወሰነ አይቆጠር፣ የሚጽፈውም ሐሳቡን ያመጣው ሰው ነው። በመጀመሪያው ወር ይህን የሚያስታውስ አንድ ሰው ያስፈልጋችኋል። እርስዎ ግን አይሁኑ፤ ማስተባበሩ ይበቃዎታል። ከማይጽፉት 35 ሰዎች አንዱን ለብቻ ደውለው ይጠይቁ፤ በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ። ባየኋቸው ቡድኖች ይህን ሥራ በደንብ የያዙት ብዙ ጊዜ ማንም ያልጠረጠራቸው ሰዎች ናቸው። ሰንጠረዡ በሦስተኛው ሳምንት ያለ እርስዎ መሞላት ከጀመረ አንኪን ያስገቡ። ካልጀመረ አንኪ ይቆይ፤ ሰንጠረዡን ለመክፈት ምን ምክንያት እንዳጡ ሁለት ሦስት ሰው ጠይቀው ይጻፉልኝ፣ እዚያው ላይ እንቀጥላለን።